«የተነገረኝ ቃል እስኪፈጸም ሠርጌን ላቆየው?»

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ዕድሜዬ 34 ነው። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከ4 ዓመት በፊት በአንድ የጸሎት ጉባኤ ላይ አገልጋዩ ከሕዝቡ መካከል ጠርቶኝ ‹እግዚአብሔር ባሕር ያሻግርሃል፤ ጊዜው እስኪደርስ ሌላ ነገር አትጀምር፤ ቸኩለህ እንዳታበላሸው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዲቪ እሞላለሁ። ድሬዳዋ ያገኘሁትን ቋሚ ሥራ ትቼ እስካሁን በጊዜያዊነት እሠራለሁ። ቃሉ ከመነገሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሽማግሌ ልኬ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ፈቅደውልኝ ነበር፤ ሠርጉን ግን ‹ጌታ መንገዱን እስኪከፍት› እያልኩ አቆይቼዋለሁ። እርሷ 31 ዓመቷ ነው። አባቷ በቅርቡ ‹ልጄን እስከ መቼ ነው የምታስቀምጣት?› አሉኝ። ከወዳጆቼ ግማሾቹ ‹የእግዚአብሔርን ጊዜ ጠብቅ፤ አብርሃም እንኳ 25 ዓመት ጠብቋል› ይሉኛል፤ ግማሾቹ ‹ሞኝ ነህ› ይሉኛል። እኔ ራሴ ደክሞኛል። ትዕግሥት በማጣቴ ተስፋውን አበላሽቼው ይሆን? ጊዜው መድረሱንስ በምን አውቃለሁ?»

ምላሽ፦ በደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ ሳይለያዩ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ያሳስትሃል። አንደኛው «ባሕር ትሻገራለህ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እስከዚያ ሌላ ነገር አትጀምር» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ከእግዚአብሔር ይሁን አይሁን በደብዳቤ ልነግርህ አልችልም፤ እችላለሁ የሚልህ ሰው ካለ ተጠንቀቀው። ሁለተኛውን ግን በተጻፈው ቃል መመዘን ይቻላል፤ ሲመዘንም ቀልሎ ይገኛል። አራቱን ዓመት የበላብህም ይኸው ሁለተኛው ነው።

እግዚአብሔር ሕዝቡን ለረጅም ዘመን እንዲጠብቅ በግልጽ የነገረበት፣ የዓመቱንም ቁጥር የሰጠበት አንዱ ቦታ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29 ነው። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ አንብባቸው፤ ለየብቻ ሲነበቡ ብዙ ይጎድላቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደሱ፣ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ቆመና የተዘረፉት ዕቃዎችም፣ ኢኮንያንም፣ ምርኮኞቹም በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። እርሱም የሚመኘው ያንኑ ነበርና። ሐናንያ ግን በዚህ አላበቃም፤ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ ተሸክሞት የነበረውን ቀንበር ወስዶ በሕዝቡ ፊት ሰበረው። አዳራሹ ሙሉ እንዲህ ያለውን ትንቢት እንዴት እንደሚቀበለው አንተም እኔም እናውቃለን።

ሐናንያ ከሁለት ወር በኋላ ሞተ። ኢኮንያን ከወህኒ የወጣው በተማረከ በ37ኛው ዓመት ነው፤ ያኔም አገሩ አልገባም፤ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ እየበላ ዕድሜውን ጨረሰ።

ባቢሎን ውስጥም የሐናንያን ዓይነት ተስፋ የሚሰጡ ነቢያት ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ እመለሳለሁ ብሎ የሚያምን ምርኮኛ ቤት አይሠራም፤ ጓዙን እንደ ጠቀለለ ይቀመጣል፤ ሴት ልጁንም አይድርም። ኤርምያስ ደብዳቤ የጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ቤት ሥሩ ተቀመጡበትም አላቸው። አትክልት ትከሉ ፍሬውንም ብሉ፤ ሚስት አግቡ፤ ልጆች ውለዱ፤ ለወንዶች ልጆቻችሁ ሚስት አምጡ፤ ሴቶች ልጆቻችሁን ዳሩ፤ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። በመካከላችሁ ያሉት ነቢያት አያታልሏችሁ ብሎ አስጠነቀቃቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ አገራቸው የሚመለሱት ሰባ ዓመት ሲፈጸም መሆኑን የነገራቸው። ደብዳቤው አንዳንዶቹን አላስደሰተም፤ ሸማያ የሚባል ምርኮኛ ኤርምያስ ለምን ዝም እንዳልተባለ የሚጠይቅ ክስ ወደ ኢየሩሳሌም ልኳል።

ከሰባው ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው የምዕራፉ ቁጥር 11 ነው፤ እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ የሚያስበው የሰላም አሳብ እንጂ የክፉ እንዳልሆነ፣ ፍጻሜና ተስፋም እንደሚሰጣቸው የሚናገረው። ይህን ጥቅስ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ እናየዋለን፤ በምርቃት ካርድ ላይ እንጽፈዋለን፤ ላንተም በእነዚህ 4 ዓመታት ብዙ ጊዜ እንደተጠቀሰልህ አልጠራጠርም። የተጻፈው ግን ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ እዚያው ባቢሎን ለሚቀበሩ ሰዎች ነበር። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ የነበረ ሰው በአብዛኛው የመመለሱን ቀን በዓይኑ አላየም፤ ያዩት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። እግዚአብሔር ራሱ «70 ዓመት ነው፤ ጠብቁ» ያላቸውን ሰዎች «አግቡ» ካላቸው፣ መቼ እንደሚፈጸም እንኳ ባልተነገረህ ቃል ሠርግህን ያቆየህበት መሠረት ከየት መጣ? «ሌላ ነገር አትጀምር» የሚለው ምክር ከኤርምያስ ደብዳቤ ይልቅ ወደ ሐናንያ አዳራሽ ይቀርባል።

አሁን ወዳጆችህ ስለሚጠቅሱልህ አብርሃም። 25 ዓመት መጠበቁ እውነት ነው፤ ከካራን ሲወጣ 75፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመቱ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ምን ሲሠራ እንደ ነበር ግን አይነግሩህም። ከብት አረባ፤ ከሎጥ ጋር በሰላም መሬት ተካፈለ፤ ሎጥ በተማረከ ጊዜ 318 ሰዎች አስከትሎ እስከ ዳን ድረስ ሄዶ አስመለሰው፤ መሠዊያ ሠራ፤ እንግዳ ተቀበለ፤ ስለ ሰዶም ማለደ። ያለ ልጅ ኖረ እንጂ ያለ ሥራ አልኖረም።

«አብርሃም ቸኩሎ ወደ አጋር ገባ፤ አንተም ብትቸኩል እስማኤልን ትወልዳለህ» የሚለው ስብከትም ደርሶህ ይሆናል። ይህ አባባል ብዙ ሰው አስሮ አስቀምጧል። የዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ነገር በደንብ ተመልከተው። የአብርሃምና የሣራ ተስፋ እንዲፈጸም ዋጋውን የከፈለችው የሣራ አገልጋይ አጋር ናት። ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ባረገዘች ጊዜ ተንገላታች፤ ወደ ምድረ በዳም ሸሸች። በምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ በምዕራፉ ውስጥ በስሟ የጠራትና ስለ ራሷ የጠየቃት እርሱ ብቻ ነው። ከዚህ ታሪክ «አትንቀሳቀስ» የሚል ትምህርት አይወጣም። የሚወጣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ለተነገረኝ ተስፋ ዋጋ እየከፈለ ያለው ማን ነው?

አንተ ዘንድ የምትከፍለው እጮኛህ ናት። ሽማግሌ ልከህ ተፈቅዶልሃል፤ በአገራችን ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቃለህ። ዘመድ ሰምቷል፤ ጎረቤት ሰምቷል፤ የታጨችን ልጅ ሌላ ሰው አይጠይቅም። ለሴት ልጅ የመውለድ ዕድል በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ እየጠበበ እንደሚሄድ ሐኪሞች የሚናገሩት ነው፤ እርሷም ይህን ታስባለች፤ እናቷም ያስባሉ። ቃሉ የተነገረው ላንተ ሆኖ ሳለ አብራህ ቆማ የቀረችው እርሷ ናት። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። አገልጋዩ ያለው ተጽፏል፤ ወዳጆችህ ያሉት ተጽፏል፤ አባቷ ያሉት ተጽፏል። እርሷ ምን እንደምትል ግን አንድም መስመር አላገኘሁም። ካልጠየቅካት ዛሬውኑ ጠይቃት። ጠይቀሃት መልሷን ለመጻፍ ካልፈለግህ ደግሞ ምክንያቱን ራስህ ታውቀዋለህ።

መዝሙር 15 በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ሲዘረዝር፣ ጉዳት ቢያመጣበት እንኳ የማለውን የማይከዳ ይለዋል። በሽማግሌ ፊት የገባኸው ቃል እንዲህ ያለ ቃል ነው። አንተ ራስህ በአፍህ የተናገርከው፣ ምስክር ያለው፣ ትርጉሙ የማያሻማ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በጉባኤ የተነገረህ ቃል ገና ያልተመዘነ ነው። በሁለቱ መካከል ስትቆም ያልተመዘነውን ይዘህ የተመሰከረውን አዘገየህ። ስህተትህ እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥት ማጣትህ ላይ አይደለም። እንዲያውም ትዕግሥትህ ከመጠን በላይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

«አበላሽቼው ይሆን?» ብለሃል። አላበላሸኸውም። አብርሃም በ86 ዓመቱ እስማኤልን ወልዶ ሳለ እንኳ፣ በ99 ዓመቱ እግዚአብሔር ተገልጦ ያንኑ ተስፋ አጸናለት፤ ሰው በወሰደው የተሳሳተ እርምጃ ተስፋው አልተሰረዘም። በአንድ ሠርግ ወይም በአንድ የሥራ ውል የሚፈርስ የእግዚአብሔር አሳብ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁም። ለነገሩ ጋብቻ ዲቪን የሚከለክል መስሎህ ከሆነም ተሳስተሃል። ሲሠራበት በቆየው ደንብ ያገባ ሰው መሙላት ይችላል፤ የትዳር ጓደኛውን ማስመዝገብም ግዴታው ነው፤ መስፈርቱን ካሟሉ ባልም ሚስትም በየስማቸው መሙላት ይችላሉ። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ደንቡም ስለሚለዋወጥ ከኤምባሲው ይፋዊ መረጃ አረጋግጥ እንጂ ከደላላ አትጠይቅ። ለማለት የፈለግሁት ግን መቆየትህ ለጉዞው እንኳ አንዳች አልጠቀመውም።

«ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ?» ለሚለው፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድመህ አታውቅም። ደቀ መዛሙርቱ ከሞት የተነሣውን ጌታ ፊት ለፊት አግኝተው ስለ ጊዜው ጠየቁት፤ አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትንና ዘመናትን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጣቸው ነገራቸው። በምትኩ ሥራ ሰጣቸው፤ ምስክሮቼ ትሆናላችሁ አላቸው። ለእነርሱ ያልተሰጠው ለእኛ ይሰጠናል ብሎ መጠበቅ ድፍረት ነው።

በኛ ዘንድ የተለመደው መለኪያ የበር መከፈት ነው። በር ከተከፈተ ጊዜው ደርሷል፣ ከተዘጋ አልደረሰም እንላለን። ይህ መለኪያ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ዳዊትን ሊገድል ያሳድደው የነበረው ንጉሥ ሳኦል፣ ዳዊት ወደ ተደበቀበት የዓይንጋዲ ዋሻ ብቻውን በገባ ጊዜ የዳዊት ሰዎች «እግዚአብሔር ያለህ ቀን ይህ ነው» አሉት። ዳዊት በእውነት ለንግሥና ተቀብቷል፤ ተስፋው እውነተኛ ነው፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ በመቁረጡ እንኳ ልቡ መታው፤ ንጉሡንም በሰላም ለቀቀው። ዮናስም ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ኢዮጴ ወደብ ላይ መርከብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የመሳፈሪያውም ገንዘብ በኪሱ ነበር። ጳውሎስ በጢሮአዳ የወንጌል በር በጌታ ተከፍቶለት ሳለ ወንድሙን ቲቶን ስላላገኘ አሳቡ አላርፍ ብሎት ወደ መቄዶንያ ሄደ፤ ማንም አልነቀፈውም።

ከአገራችንም ልጥቀስ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር ወጥተው ነፍሳቸውን የሚያድኑበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋውን በመከራ ጊዜ ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ያህል በእስር ማቅቀዋል። ለቄስ ጉዲና የተከፈተው በር ያው አንተ የምትጠብቀው ዓይነት፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ነበር። አልገቡበትም። እምነት ጎድሏቸው ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ውጭ አገር መሄድን እየነቀፍኩ አይደለም፤ የተከፈተ በር በራሱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ማስረጃ እንደማይሆን ነው የምልህ። የተዘጋውም እንዲሁ ነው። ዲቪ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ አመልካቾች መካከል በኮምፒውተር የሚወጣ ዕጣ ነው፤ 4 ዓመት አልደረሰህም ማለት እምነትህ ጎደለ ማለት አይደለም።

ስለ ትንቢቱ ራሱ አጭር ነገር ልበል። ትንቢትን አትናቁ የሚለው ጳውሎስ በዚያው ትንፋሽ ሁሉን ፈትኑ ይላል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይለዩ ብሎ ጽፏል። አንተ የተነገረህን የለየልህ ማን ነው? አገልጋዩ እንግዳ ከነበረና ሄዶ ከሆነ፣ የቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎችም ቃሉን ካልሰሙት፣ እስካሁን ሳይመዘን ተቀምጧል ማለት ነው። 1 ነገሥት 13ን አንብብ። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል እንዳይበላና እንዳይጠጣ በቀጥታ ታዞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነቢይ «መልአክ ነግሮኛል» ብሎ ዋሸውና ቤቱ ወስዶ አበላው፤ የእግዚአብሔርን ሰው ሲመለስ በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። በግልጽ የታወቀውን ትእዛዝ በሌላ ሰው «ተነገረኝ» መለወጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ታሪክ አላውቅም። ቃሉን ለማጽናት፣ ለማፋጠን ወይም «እንቅፋቱን ለማንሣት» ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ያለ ክርክር ራቀው። ሌላ ነቢይ ዘንድ ሄደህ ማረጋገጫ መፈለግም ይብቃህ፤ የመጀመሪያው ሳይመዘን ሁለተኛና ሦስተኛ መጨመር ግራ መጋባትህን ያበዛው እንደሆነ እንጂ አይቀንሰውም።

ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ የሚገባበት ጊዜ የለም እያልኩህ አይደለም። ሳሙኤል ሳኦልን በጌልገላ 7 ቀን እንዲጠብቀው አዝዞት ነበር፤ ሳኦል ሕዝቡ ሲበተንበት ፈርቶ መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ፤ መንግሥቱንም አጣ። ነገር ግን በዚያ ትእዛዝ የታገደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረው የንጉሥነት ሥራው ሁሉ አልታገደም። ደቀ መዛሙርቱም መንፈስ ቅዱስ እስኪወርድ ከኢየሩሳሌም እንዳይወጡ ታዝዘዋል፤ ከዕርገት እስከ ጰንጠቆስጤ በነበሩት 10 ቀናት በጸሎት ተጉ፤ በይሁዳም ምትክ ማትያስን መረጡ። እንዲህ ያለው መጠበቅ ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ሌላ የታወቀ ግዴታ አያስጥስም፤ በማኅበር የሚሸከሙት ነው። ያዕቆብም ታገሡ ሲል ምሳሌ ያደረገው ገበሬን ነው፤ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ደግሞ አርሶና አለስልሶ ነው የሚጠብቀው።

እውነተኛው ክልከላ ተስፋን በኃጢአት መንጠቅ ነው። ዳዊት የተዋጋው ከዚህ ጋር ነበር። ላንተ ይህ ምን እንደሚመስል በግልጽ ልንገርህ። ለቪዛ ሲባል የሚፈጸም የሐሰት ጋብቻ ነው። የተሠራ የባንክ ደብተርና የትምህርት ማስረጃ ነው። በደላላ እጅ በበረሃና በባሕር የሚደረግ ጉዞ ነው፤ በዚህ መንገድ ስንት ወገናችን እንደቀረ ታውቃለህ። ትዕግሥትህን እዚህ ላይ ተጠቀምበት። «ቃሉ ተነግሮኛልና መንገዱ ምንም ይሁን» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ዋሻው ውስጥ የነበሩት የዳዊት ሰዎች ድምፅ ነው።

አንድ የሚከብድ ነገር ቀርቷል፤ ላይፈጸም ይችላል። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ አማኝ ጉዞ፣ ትዳር ወይም ሀብት እንደሚሰጥ ቃል የገባበት ምዕራፍ የለም። ከእኛ ጋር እንደሚሆን፣ ኃጢአታችንን ይቅር እንደሚል፣ በመጨረሻውም ቀን እንደሚያስነሣን ቃል ገብቷል። ዕብራውያን 11 ስለ እነ አብርሃም የሚናገረው የተሰጣቸውን ተስፋ ሳያገኙ፣ ከሩቅ ሆነው አይተው ተሳልመውት እንደሞቱ ነው። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ልመናውን እንደቀጠለ የሚናገር ነገር ከዚያ በኋላ አናገኝም። አንድን ነገር መለመን ማቆም ክህደት የማይሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህን ጉዳይ በጸሎትህ ውስጥ ወደ ኋላ ብታደርገው፣ ስለ እጮኛህ፣ ስለ ሥራህና ስለ ሰፈርህ ሰዎች ብትጸልይ እግዚአብሔር አይቀየምህም።

«ደክሞኛል» ያልከውን አላለፍኩትም። ድካሙ እንቅልፍ የሚነሣህ፣ ምግብ የሚያስጠላህ፣ «ባልኖርስ» የሚያሰኝህ ደረጃ ከደረሰ ከጸሎት ጎን ለጎን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂድ፤ «ጊዜው እስኪደርስ» ብለህ አታዘግየው። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው፤ በልቶ ጠጥቶም ተመልሶ ተኛ። ንግግሩ በኋላ መጣ።

ምክሬ የማያሻማ ነው። ዘንድሮ አግባ። የሠርጉን ቀን ከእጮኛህ ጋር ወስን፤ «ጌታ ሲፈቅድ» የሚል ቀን አትስጥ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ቀን ይሁን። ድግሱን ለማሳመር ገንዘብ እስክታጠራቅም ሌላ ሁለት ዓመት አትጨምር፤ አቅምህ የሚፈቅደው ትንሽ ሠርግ ይበቃል። ቋሚ ሥራ ፈልግ፤ ድሬዳዋ ይሁን ሌላ ከተማ፣ የተገኘውን ከእርሷ ጋር ተመካክረህ ያዝ። የተነገረህን ቃል በወረቀት ጽፈህ ለቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎች አቅርብ፤ እንዲመዝኑትም ጠይቃቸው፤ የሚሉህን ለመስማት ግን ሠርጉን አታቆይ። ዲቪ መሙላት ብትፈልግ ሙላ፤ ቅጹን ከላክህ በኋላ ወደ ሥራህ ተመለስ።

ወደ እጮኛህ ስትሄድ ስለ ትንቢቱ አታስረዳት፤ 4 ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። «ያለ ፈቃድሽ አቆይቼሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» በላት፤ ከዚያ ዝም ብለህ አድምጣት። በቅቷት ሊሆን ይችላል። «አልፈልግም» ካለች መብቷ ነው፤ «የጠላት ሥራ ነው» ብለህ አትከራከራት፤ ሌላ አገልጋይ ልከህም አታስጨንቃት። እንዲያ ከሆነ በመጀመሪያ የላክኻቸውን ሽማግሌዎች ይዘህ ወደ አባቷ ቤት ሂድና ጥፋቱ ያንተ መሆኑን በእነርሱ ፊት ተናገር፤ ልጅቱ በጎረቤትም በዘመድም ዘንድ እንዳትታማ።